ባርባራ ጆርዳን በሩን ልትዘጋብን ነበርን?

የኦስቲኑ ሹፌር፦ በኦስቲን አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ስቀበል የቴክሳሷን ጥቁር አሜሪካዊት የኮንግረስ አባል የነበረችውን የባርባራ ጆርዳንን የነሐስ ሐውልት ሳላይ የምመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ተርሚናሉም በስሟ ነው የሚጠራው። በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊከሰስ ሲል ስለ ሕገ መንግሥቱ የተናገረችውን ልጆቼን ቁጭ አድርጌ አሰምቻቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ወዳጄ «ይህቺ የምታደንቃት ሴት እኮ ዲቪን ልታስቀር ነበር» ሲለኝ የያዝኩት ቡና ትን አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ልናከብራት ይገባናል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እውነት ነው ጋሼ። በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ኮሚሽን ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 ኮሚሽኑ በዓመት የሚገባው ሰው 550,000 ይሁን አለ፤ 400,000 ለቅርብ ቤተሰብ፣ 100,000 ለባለሙያ፣ 50,000 ለስደተኛ። እስቲ ይደምሩት፤ ለዲቪ የተረፈ ቦታ ያገኛሉ? የወንድምና የእኅት ማመልከቻም ይቅር ብሏል። እኔ በዲቪ መጥቼ ለወንድሜ ካመለከትኩ 12 ዓመት ሆነኝ። በሕገ መንግሥቱ መግቢያ «እኛ ሕዝቦች» ሲባል እኔ አልተቆጠርኩም ነበር ብላ የተናገረች ሴት ይህን ስታደርግ ያንገበግባል።

ጠበቃው፦ እኅቴ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርሻቸው። በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ ሂዩስተን ስትመለስ ደንበኞቿን የምታነጋግረው በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለቴክሳስ ምክር ቤት በ1962ም በ1964ም ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1966 ለክልሉ ሴኔት ስታሸንፍ የምርጫ ክልሎቹ እንደ አዲስ ተከልለው ነበር። የወረቀት ላይ መስመር ሲዛወር ምን እንደሚያመጣ በራሷ ላይ አይታዋለች። ኮንግረስ ከገባች በኋላም በ1975 የመምረጥ መብት ሕጉ እንግሊዝኛ የማይችሉ ዜጎችን እንዲጠብቅ ታግላለች። እዚያው በ1995፣ እናንተ በምትወቅሷት ዓመት፣ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች እዚህ የወለዱት ልጅ ዜግነት እንዳይነፈግ ኮንግረስ ቀርባ ተሟግታለች። ወንድምና እኅት ይቆዩ ያለችውም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ለማምጣት ለዓመታት ይሰለፍ ስለነበረ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ይቆዩ አላለችም፣ ይቅሩ ነው ያለችው። ደግሞስ ወንድም ቅርብ ቤተሰብ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? እናታችን ስታርፍ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ባል፣ ሚስትና ልጅ ብቻ ቤተሰብ የሚባልበትን ቤት እኔ አላውቀውም።

ጠበቃው፦ እዚህ ላይ አሸንፈሽኛል። ያም ሆኖ ቅነሳውን ኮንግረስ በ1996 ሳይቀበለው ቀረ፤ እሷም በዚያው ዓመት በጥር አረፈች። ላልጸደቀ ሐሳብ ሐውልት አይፈርስም።

የኦስቲኑ ሹፌር፦ ማን ይፍረስ አለ? እኔስ ምን ልበል፣ ታናሽ እኅቴ ባለፈው ወር መጣች፤ በእኅት ማመልከቻ ነው። የተቃቀፍነው ሻንጣ መቀበያው ጋ ነበር። ፎቶውን አሁን ሳየው ሴትዮዋ ከኋላችን ተቀምጣለች።