ስልክን ከዴስክቶፕ ጋር ያለ ገመድ ለማገናኘት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ይገዛ? (ጥቆማ)

ቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ዴስክቶፕ አሉ፤ አንዱ ዊንዶውስ 10፣ ሌላው ዊንዶውስ 7። ሁለቱም ዋይፋይ የላቸውም። ደንበኛ ስልኩ ላይ ያለ ፋይል ፕሪንት ሊያደርግ ሲመጣ ወይ ገመድ ይፈለጋል ወይ በቴሌግራም ይላካል። ገመዱ ለአንዱ ስልክ ሲሆን ለሌላው አይሆንም፤ ቴሌግራሙ ደግሞ ለሁለታችንም ፓኬጅ ይበላል። የዋይፋይ ዩኤስቢ ይሻላል ወይስ ብሉቱዝ? የትኛውን ዓይነት? ለባለሙያ መክፈል ያስፈልጋል ወይስ ራሴ እችለዋለሁ? ሴት ነኝ፣ አንቺ በሉኝ።

ጦሳ፦
እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አንድ ነገር እዪ። ቤቱ ውስጥ የብሮድባንድ ሞደም አለ? ካለ የዋይፋይ ዩኤስቢ አያስፈልግሽም። ዴስክቶፕ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በኔትወርክ ኬብል ሞደሙ ላይ ይሰካ፣ ስልኩ ብቻ በዋይፋይ ይግባ። ፋይሉ ከስልኩ ወደ ሞደሙ፣ ከዚያ በኬብሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ወደ ውጭ ስለማይወጣ ከኢንተርኔትሽ አንድ ሜጋ አይቀንስም፣ መስመር የተቋረጠ ቀንም ይሠራል። ፍጥነቱም የተሻለ ነው፤ ሁለቱም በዋይፋይ ሲሆኑ አንዱን አየር ይሻሙበታል፣ ኮምፒውተሩ በኬብል ሲሆን ግን አየሩ ለስልኩ ብቻ ይቀራል።

ሞደም ከሌለሽ ያገለገለ ራውተር ግዢ። ኢንተርኔት ባይገባበትም ግድ የለም፤ ዋይፋይ እስከሰጠና የኬብል መሰኪያዎቹ እስከሠሩ ድረስ ይበቃል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ኬብሉን ‹‹ዋን›› በሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ በተለየው ቀዳዳ ላይ ሲሰካው ነው። ‹‹ላን›› ከሚሉት ውስጥ አንዱ ላይ ይሁን። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ የያዘው የአይፒ አድራሻ (የኔትወርክ ቁጥሩ) በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ ምንም አላገኘም ማለት ነው፣ በ192.168 ከጀመረ ደህና ነው።

ሌላው፣ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ላይ አንድሮይድ ‹‹ኢንተርኔት የለም፣ እንደተገናኘህ ትቆያለህ?›› ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛው አዎ ካላለ ስልኩ ቀስ ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለስና ኮምፒውተሩን ማየት ያቆማል። የሞባይል ዳታውን ለሁለት ደቂቃ ማጥፋት ነገሩን ይጨርሰዋል።

ፋይሉን የሚያስተላልፈውን አፕ በተመለከተ ሎካልሴንድን የሚያህል የለም። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ለዊንዶውስም አለ። ሁለቱም ላይ ይከፈታል፣ ከስልኩ ፋይል ይመረጣል፣ የኮምፒውተሩ ስም ይነካል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀበል ይባላል፤ አለቀ። አዲሱ ቨርዥን ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም፤ ለዚያኛው ማሽን 1.15.4ን ፈልጊ፣ ዊንዶውስ 7ን የደገፈ የመጨረሻው እሱ ነው። ዜንደርና ሼርኢት ብዙ ሰው እጅ ላይ ቢኖሩም ማስታወቂያቸው ያታክታል፤ ደንበኛ እየጠበቀ አይመከሩም።

ገራዶ፦
ጦሳ ካለው ላይ የምጨምረው ‹‹ስልኩና ኮምፒውተሩ አይተያዩም›› የሚለውን ነው፤ ሰው አፑን ጥሎ ወደ ገመድ የሚመለሰው በዚህ ነውና።

መጀመሪያ የዊንዶውሱ የኔትወርክ ዓይነት ይታይ። ኬብሉ መጀመሪያ ሲሰካ ለሚመጣው ጥያቄ ‹‹አይ›› ከተባለ ኔትወርኩ ‹‹ፐብሊክ›› ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ፋየርዎሉ (የዊንዶውሱ መከላከያ) ከስልክ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ ይመልሳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮፐርቲስ ገብቶ ‹‹ፕራይቬት›› ማድረግ ነው። ሎካልሴንድ መጀመሪያ ሲከፈት ፋየርዎሉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተጣድፎ ‹‹ካንስል›› ያለ ሰው በኋላ በእጁ መፍቀድ አለበት፣ የሚጠቀመው ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 53317 ነው።

ሁለተኛው ቪፒኤን ነው። እኛ አገር ስንቱ ስልክ ላይ ቪፒኤን እንደበራ እንደሚውል ታውቃላችሁ። ቪፒኤን ሲበራ ስልኩ የላከው ሁሉ በዚያ ቧንቧ ሊሄድ ስለሚችል አጠገቡ ያለውን ኮምፒውተር ላያይ ይችላል። ፋይሉ እስኪያልፍ ይጥፋ።

ሦስተኛ፣ የሞደሙ የእንግዳ ዋይፋይ። ደንበኞችን በእሱ ማስገባት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ግን የእንግዳ ኔትወርክ የተሠራው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነው። ‹‹ኤፒ አይሶሌሽን›› የሚል ምርጫ ዋናው ዋይፋይ ላይ በርቶ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። ካፌና ሆቴል ዋይፋይ ላይ እነዚህ አፖች እምቢ የሚሉትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አይፎን ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ‹‹ሎካል ኔትወርክ›› የሚለው ፈቃድ ለአፑ መብራት አለበት። ካልበራ አፑ ይከፈታል፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ይሆናል።

ቦርከና፦
ከኮምቦልቻ። ኬብል መሳብ የማይመች ከሆነና የዋይፋይ ዩኤስቢ መግዛት ግድ ከሆነ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ጥፍር የምታክለዋ ቲፒ-ሊንክ 725ኤን 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የምትይዘው፣ ካርቶኑ ላይ 150 ሜጋቢት ይላል። በተግባር በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት ናት፤ አንድ ጊጋ ፋይል በጥሩ ሲግናል ከአራት ደቂቃ አካባቢ ጀምሮ ይፈልጋል። ለፒዲኤፍና ለፎቶ ከበቂ በላይ ነው፣ ለቪዲዮ ግን ትሰለቻለች። አንቴና ያላት አርቸር ቲ2ዩ ፕላስ 5 ጊጋኸርዝም ትይዛለች፤ ለዚህ ግን ሞደሙም 5 ጊጋኸርዝ መስጠት አለበት፣ አለበለዚያ ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ። ቲ3ዩ ፕላስ ከሷም ትፈጥናለች፤ ለኮፒ ቤት ግን ትርፍ ወጪ ናት።

ስም የሌላቸውና ‹‹802.11ኤን›› ብቻ የተጻፈባቸው ርካሾቹ ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ኤምቲ7601 ወይም 8188 ቺፕ ነው። መጥፎ አይደሉም። ካርቶኑ ላይ ባለው 300፣ 600 እና 900 ግን አትመኑ። ዊንዶውስ 10 አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያውቃቸዋል፣ ዊንዶውስ 7 ድራይቨር (ዕቃውን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም) ይፈልጋል። አብሮ የሚመጣው ሲዲ፣ ማንበቢያ ለሌለው ማሽን ጌጥ ነው። ስለዚህ ሻጩ ድራይቨሩን በፍላሽ ይስጣችሁ። ካልሆነ ስልኩን በገመድ ሰክቶ ‹‹ዩኤስቢ ቴተሪንግ›› ማብራት ነው፤ ኮምፒውተሩ በስልኩ ዳታ ድራይቨሩን ያወርዳል። አንዳንዶቹ አዳፕተሮች ሲሰኩ እንደ ሲዲ ሆነው ይከፈታሉ፤ ተበላሽተው አይደለም፣ ድራይቨሩ እዚያው ውስጣቸው ነው። ከዚያ ላይ ይጫን።

አሰካኩም ለውጥ አለው። ሲፒዩው ጀርባ ላይ ከተሰካ ብረቱ ሲግናሉን ይጋርደዋል፣ በተለይ ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተጠግቶ ከተቀመጠ። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ አጠገብም 2.4 ጊጋኸርዝ ይረበሻል። ትንሽ የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ኬብል ገዝቶ አዳፕተሩን ጠረጴዛው ላይ ማውጣት አንቴና ከመቀየር ይበልጣል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ግዢን በተመለከተ፣ ደሴ ፒያሳ ዙሪያ ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች ጋ ምርጫው ሰፋ ይላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ትንሿን ነው። የትም ግዙ፣ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ዋይፋይ ዝርዝር ሲያወጣና ከአንዱ ጋር ሲገናኝ ሳታዩ አትክፈሉ። ለአንዲት አዳፕተር ቅያሪ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ የአዳፕተሯን ዋጋ ይበላል። ‹‹ካልሠራ መልሱ›› የሚለው ቃል ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

ቧንቧ ውሃ፦
እናመሰግናለን። ሞደም አለን፣ በኬብሉ እንሄዳለን። አንድ ነገር ብቻ፤ ደንበኛው ሎካልሴንድ የለውም። ለሁለት ገጽ ፕሪንት አፕ አውርድ ልበለው?

ሐረጎ፦
አትበዪው። ለመንገደኛ ደንበኛ ስልኩ ላይ ያለው ነገር ነው የሚያዋጣው፤ ለዚህ ብሉቱዝ ዩኤስቢ ጨምሪ። ቲፒ-ሊንክ ዩቢ400 ብሉቱዝ 4.0 ነው፣ ዩቢ500 ደግሞ 5.0። ለፋይል መቀበያ በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አታዪም፣ የተገኘውን ርካሹን ውሰጂ። ‹‹ሲኤስአር 4.0›› የሚሉት ስም የለሾቹ ግን ብዙዎቹ ቅጂ ናቸው፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ በየሰዓቱ ይጠፋል።

ብሉቱዝ ሲላክ ‹‹አልተሳካም›› የሚለው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ደንበኛው ከመላኩ በፊት ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የብሉቱዝ ምልክት በቀኝ ተጭነሽ ‹‹ሪሲቭ ኤ ፋይል›› ማለት አለብሽ። መስኮቱ ‹‹እየጠበቅሁ ነው›› ሲል ያኔ ይላክ። ቀድሞ ከተላከ ይወድቃል። ፋይሉ ሲያልቅ ‹‹ፊኒሽ›› ካላልሽ ደግሞ አይቀመጥም፣ የት እንደሚቀመጥም የሚጠይቅሽ እዚያው ላይ ነው።

ብሉቱዝ የሰነድ ነው፣ የቪዲዮ አይደለም። በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ገደማ ቢሄድ ሁለት ሜጋ ፒዲኤፍ በስምንት ሰከንድ ያልፋል፣ አንድ ጊጋ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አይፎን በብሉቱዝ ለዊንዶውስ ፋይል አይልክም፣ ስለዚህ አታስደክሚው፤ ለአይፎን ሎካልሴንድ ወይም ቴሌግራም።

ኩዊክ ሼርም አለ፤ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ አብሮ የመጣ ነው፣ ለዊንዶውስም ጉግል ያወጣው አለ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩም ብሉቱዝና ዋይፋይ ሊኖረው ይገባል። ያንቺ ማሽን በኬብል ብቻ ስለሆነ እሱን አሁን እለፊው። ወደፊት ካሰብሽበት ዋይፋይና ብሉቱዝ በአንድ ላይ ያለባትን ቲ2ዩቢ ናኖን ፈልጊ፣ አንድ ቀዳዳ ትቆጥብልሻለች። ማዘርቦርዱ የራሱ ብሉቱዝ ካለው ግን አንዱን ከዲቫይስ ማኔጀር አጥፊው፤ ዊንዶውስ ሁለት ብሉቱዝ በአንድ ጊዜ አይችልም።

ደንበኛው በቴሌግራም ካልላክሁ ካለም ፎቶውን ‹‹እንደ ፋይል›› ይላክ በይው። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ መታወቂያ ኮፒ ላይ ፊደሉ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። የሰው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ ተከምሮ አይደር፤ ፕሪንቱ ሲወጣ ይሰረዝ፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር።

ሾላ፦
የዊንዶውስ 7ቱን ማሽን በተመለከተ ሌላ መንገድ አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይጫንም። ሲኤክስ ፋይል ኤክስፕሎረር የሚባለውን አፕ ባንቺ ስልክ ላይ አውርጂ፣ ‹‹ኔትወርክ›› ከዚያ ‹‹አክሰስ ፍሮም ኔትወርክ›› በይ፣ አስጀምሪው። የኤፍቲፒ (በኔትወርክ ፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ) አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያሳያል። አድራሻውን እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ‹‹ማይ ኮምፒውተር›› ከፍተሽ ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ጻፊው፤ የስልኩ ፎልደሮች እንደ ፍላሽ ይዘረገፋሉ። ክሮም ላይ አትጻፊው፣ ክሮም ከ2021 ወዲህ ኤፍቲፒ አይከፍትም። ኤፍቲፒ የሚልከውን አይመሰጥርም፤ የራስሽ ሞደም ላይ ብቻ ይሁን።

አዲስ ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ ጋ ሞደም የለም፣ የስልክ ዳታ ብቻ። ዴስክቶፑ ላይ የዋይፋይ ዩኤስቢ አለ። የስልኬን ሆትስፖት አብርቼ ፋይል ባስተላልፍ ፓኬጅ ይቆጥራል?

ጦሳ፦
ወንድሜ፣ በስልኩና በኮምፒውተሩ መካከል የሚሄደው አይቆጥርም። የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ከጀርባ የሚያወርደው ነው። ሆትስፖቱን እንዳገኘ ዊንዶውስ አፕዴት ይነሳና ወርሃዊውን በአንድ ምሽት ሊጨርሰው ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ የሞባይል ዳታውን አጥፍተህ ሆትስፖቱን ብቻ አብራ፣ ፋይል ለማስተላለፍ ይበቃል፤ ወይ ዊንዶውስ ላይ ያንን ዋይፋይ ‹‹ሚተርድ ኮኔክሽን›› (ዳታው የሚቆጠርበት መስመር) አድርገው።

ትልልቅ ፋይል ስትልክ የስልኩ ስክሪን እንደበራ ይቆይ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ ያለውን አፕ ይዘጋሉ፣ ዝውውሩ መሀል ላይ ይቆማል። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ወደ ስልኩ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ እምቢ ካለህ ደግሞ ጥፋቱ የዋይፋዩ ላይሆን ይችላል፤ ፋት32 ሆኖ የተፎረመተ ሚሞሪ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ገራዶ፦
ለእህታችን የባለሙያውን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። አፕ ለመጫንና ‹‹ፕራይቬት›› ለማድረግ ለማንም አትክፈይ። የሚከፈልበት ኬብሉ ነው፤ ሞደሙ ካለበት ግድግዳ እስከ ጠረጴዛው ለክተሽ ሁለት ሜትር ጨምሪበት፣ ዓይነቱ ካት5ኢ የሚባለው ይሁን። ውስጡ መዳብ መሆኑን ጫፉን ፍቀሽ ምላጭ አሳዪው፤ ሲፋቅ ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ላይ የተለበጠ መዳብ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። መሰኪያውን የሚመታው ሰው ቴስተር ይዞ ይምጣ፤ ስምንቱም መብራት በተራ ሲበሩ አይተሽ ክፈይ። አራት ወይም ስድስት ብቻ ቢበሩም ኮምፒውተሩ ሊገናኝ ይችላል፣ ‹‹ይኸው ሠራ›› ብሎ ይሄዳል፤ ቀርፋፋነቱን የምታዪው በኋላ ነው።