«እስትንፋስ» ወይስ «ትንፋሽ»? (የምርመራ ወረቀት ላይ ያጋጠመኝ)

የናታንያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ለጨጓራዋ ምርመራ ታዘዘላትና ማብራሪያው በአማርኛ ተጽፎ ተሰጣት። «እስትንፋስዎ ስለሚመረመር ከምርመራው በፊት እህል አይቅመሱ» ይላል። እናቴ የቄስ ልጅ ናት፤ ኦሪት በግእዝ ሲነበብ እየሰማች ነው ያደገችው። «እስትንፋሴን የሰጠኝ ይመርምረው፤ ሐኪም ምን አግብቶት!» ብላ አልሄድም አለች። ምርመራው ግን ቀላል ነው። ካርቦን 13 (ከተለመደው ከበድ ያለ ካርቦን) ያለበት ዩሪያ ትጠጣለች፤ የሚፈለገው ባክቴሪያ (ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ) ጨጓራዋ ውስጥ ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ ያ ካርቦን ከረጢት ውስጥ በምትነፋው አየር ይወጣል። «ትንፋሽ» ቢባል ይሻል ነበር? ሌላ ቃልስ አለ? ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እናትሽ ልክ ናቸው። እስትንፋስ በአዳም አፍንጫ እፍ የተባለው ነው፤ ከሰጪው ወደ ተቀባዩ የሚገባ። ትንፋሽ ግን የሚወጣው ነው። ጎማ ተነፈሰ ስንል አየሩ ወጣ ማለታችን ነው። «ትንፍሽ እንዳትል» ማለት ከአፍህ ቃል አይውጣ ነው። ሐኪሙስ ቢሆን «አየር ሳብ አድርግ፣ አሁን ተንፍስ» አይደል የሚለው? ስለዚህ «የሚወጣ ትንፋሽ» የሚሉ ተርጓሚዎች አንዱን መውጣት ሁለት ጊዜ እየቆጠሩ ነው።

መምህር ዘደብረ ታቦር፦
ልጄ፣ ይህን ገቢና ወጪ ከየት አመጣኸው? «ትንፋሽ አጠረኝ» የሚል ሰው ያጣው የሚያስገባውን አየር ነው። ሁለቱም ቃላት ከ«ነፍሰ» የወጡ ናቸው። እስትንፋስ የግእዝ መልኩን እንደያዘ ገባ፤ ትንፋሽ አማርኛ ቤት ተወለደ። «ሸ» ከግእዝ ፊደል እንዳልሆነ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። ከነገሠ ነጋሽ፣ ከተነፈሰ ትንፋሽ። ልዩነቱ የክብር እንጂ የአቅጣጫ አይደለም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክብሩ ራሱ ከአቅጣጫው የመጣ ነው። የተሰጠን ነገር እናከብራለን፤ ያወጣነውን ግን ማን ያከብራል?

መምህር ዘደብረ ታቦር፦
ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ? እኛ ዜማ ቤት ሳለን ትንፋሽ አጠራቅመን ነበር ሃሌታውን የምንዘልቀው። ምስጋና የሚወጣው በትንፋሽ ነውና እኔ አከብረዋለሁ።

ቤተ ሙከራ፦
ከሙያዬ በኩል ልግባ። እኔ ከቅኔ ቤቱ ልጅ ጋር ነኝ፤ የሚገባውና የሚወጣው አየር አንድ አይደሉም። ኬሚስቱ ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አሳየ። ስኳሩ እጅግ የከፋበት ሰው ትንፋሽ አሴቶን አሴቶን የሚሸተው ለዚህ ነው። ለእናትሽም ቅርብ የሆነ ታሪክ ልንገርሽ። ሆሳም ሃይክ የተባለ ተመራማሪ ሐይፋ በሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር በጣም ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶችን በመዳሰሻነት እየተጠቀመ የ1404 ሰዎችን ትንፋሽ መርምሯል፤ 17 በሽታዎችን በ86 በመቶ ትክክለኛነት ለይተዋል። የሚመረመረው ሰውነት ያስወጣው ትራፊ ነው። ነፍስ የሚነካ የለም።

ወርቅ 79፦
ወርቅ ከተነሣማ የፊዚክስ መምህር ዝም አይልም። ወርቅ ቢጫ የሆነው በአንጻራዊነት (በአይንስታይን ሬላቲቪቲ) ምክንያት ነው። አስኳሉ 79 ፕሮቶን ስላለው አጠገቡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ይፈጥናሉ። በዚህ የተነሣ የውጭው ምሕዋር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ወርቁም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ይህ ባይኖር እንደ ብር ነጭ በሆነ ነበር። ስሌቱ የፊዚክስ ሊቁ ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው እኩልታ ይነሣል። እኔ ክፍል ውስጥ «አንጻራዊ ኳንተም ሜካኒክስ» እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን «አንጻራዊ» ሲባል «ያን ያህል እርግጠኛ ያልሆነ» ይመስላቸዋል። ሊቃውንት ምን ትላላችሁ?

መምህር ዘደብረ ታቦር፦
አንጻር ከ«ነጸረ» ነው፤ ነጸረ ማለት አየ፣ ተመለከተ። አንጻር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ «አንጻራዊ» ማለት ከተመልካቹ ቦታ የሚታይ ነው። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ቃል አታገኝም፤ ጥፋቱ በጋዜጣ አማርኛ «በአንጻራዊነት ሰላም ነው» የሚሉ ሰዎች ነው።

ወርቅ 79፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ክፍል ውስጥ ከዚሁ እጀምራለሁ።

እመት ወርቄ፦
ልጅቷን ረሳችኋት እኮ። ራሷ «በምትነፋው» ብላለች። መንፋት ደግሞ ከ«ነፍኀ» እንጂ ከ«ነፍሰ» አይደለም፤ ሥሩ ሌላ ነው። «የእፍታ ምርመራ» ቢባልስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እመት፣ እፍታ የወጥ ነው! እናትየው ቀድሞ የተጨለፈ ወጥ ሊቀርብላቸው ነው ብለው ይጠብቃሉ።

እመት ወርቄ፦
የወጡ እፍታስ ከምን መጣ ትላለህ? ትኩሱን እፍ እያሉ ስለሚቀምሱት ነው።

መምህር ዘደብረ ታቦር፦
ይህ ግምት ነው፤ ማስረጃ አምጪ።

የናታንያ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ የቤተ ሙከራን መልስ አነበብኩላት። «ታዲያ እፍ በይ አይሉኝም?» አለችኝ። ሐሙስ ትሄዳለች። ወረቀቱን ለጻፈው ሰው ግን የትኛውን ቃል ልላክለት?

መምህር ዘደብረ ታቦር፦
«እፍ» ቃል ሳይሆን ድምፅ ነው። ይህን አስቀድመን እንለይ።