ፕሮፎርማ በኢሜይል ስንልክ ተቀባዩ መክፈቱን ማወቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦ ገላን_በርና_መስኮት
ገላን ያለ የብረትና አልሙኒየም ወርክሾፕ ነው። በሳምንት እስከ 30 ፕሮፎርማ በጂሜይል ይወጣል፤ ግማሹ መልስ የለውም፣ ሲደወል "አልደረሰንም" ይባላል። መከፈቱን የሚያሳይ ክሮም ላይ የሚጫን ነጻ ኤክስቴንሽን አለ ተባለ። ያስተማምናል? ደንበኛውስ ያውቅብናል?

መልስ፦ ሽቦ_አልባ
እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ እምነትዎ ይቀንሳል። ኤክስቴንሽኑ መልእክቱ ውስጥ 1 በ1 ፒክስል የሆነ፣ ዓይን የማያየው ምስል ይሰካል። ምስሉ ያለው ሰርቨር ላይ ነው፤ አድራሻው ለእያንዳንዱ መልእክት ይለያል። ኢሜይሉ ሲከፈት ምስሉ ከሰርቨሩ ይጠራል፣ ሰርቨሩም ሰዓቱን፣ አይፒ አድራሻውንና የመክፈቻውን ዓይነት ይመዘግባል። ደንበኛው የሚያየው ነገር የለም፤ ኮዱን የሚፈትሽ ግን ያገኘዋል።

ሳይከፈት "ተከፈተ" የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአይኦኤስ 15 (እ.ኤ.አ. 2021) ወዲህ አፕል ሜይል የግላዊነት ጥበቃው ከበራ ምስሎቹን ራሱ ቀድሞ ያወርዳል። የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የቫይረስ ማጣሪያም ምስሉን ይጠራል፣ ሊንኩንም ይነካል። ተከፍቶም "አልተከፈተም" ይላል፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቆየው (ክላሲክ) አውትሉክ ካላዘዙት የውጭ ምስል አያወርድም። ጂሜይል ደግሞ ጽሑፉና ኮዱ ከ102 ኪሎባይት ካለፈ መልእክቱን ይቆርጠዋል፤ ግርጌ የተሰካ ፒክስል አብሮ ይቀራል። አባሪው ፒዲኤፍ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ጠያቂ፦ ገላን_በርና_መስኮት
ደንበኞቻችን ባብዛኛው ጂሜይል ናቸው። እዚያስ?

መልስ፦ ሽቦ_አልባ
ጂሜይል ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምስሎችን በጉግል ሰርቨር በኩል ነው የሚያሳልፈው። መከፈቱ ይታያል፣ አይፒው ግን የጉግል ነው። ሪፖርቱ "አሜሪካ ተከፈተ" ካለ ቃሊቲ ያለው ደንበኛችሁ አልበረረም።

መልስ፦ ቁልፍና_ሰንሰለት
እኔን የሚያሳስበኝ ኤክስቴንሽኑ ያለ ክፍያ መሰጠቱ ነው። ሲጫን የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቡ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ መላ የመልእክት ሳጥናችሁን ማንበብ ይፈልጋሉ። ዋጋችሁና የደንበኛው ቲን ቁጥር በማታውቁት ሰርቨር አለፈ ማለት ነው።

ሕግም አለ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። መረጃ ሲሰበሰብ በግልጽ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የተደበቀ ፒክስል ደግሞ የሚሠራው ስለተደበቀ ነው። የግድ ካላችሁ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት፣ አልፈልግም ላለም አጥፉለት።

እናንተንም ሌሎች በዚሁ መንገድ ይከታተሏችኋልና ራሳችሁን ጠብቁ። ጂሜይል በኮምፒውተር፦ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ኢሜጅስ፣ ከዚያ "አስክ ቢፎር ዲስፕሌይንግ ኤክስተርናል ኢሜጅስ"፤ ከታች ሴቭ ካላላችሁት አይያዝም። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ሜይል፣ ፕራይቬሲ ፕሮቴክሽን (ከአይኦኤስ 18 በፊት ከሴቲንግስ በቀጥታ ሜይል)።

መልስ፦ ፖስታ_ሳጥን
"አልደረሰንም" ሲሉ ዋሹ አትበሉ፤ መጀመሪያ ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት የሚጣልበት ሳጥን) ገብቶ እንደሆነ ጠርጥሩ። በራሳችሁ ዶሜይን (ከ@ በኋላ የድርጅታችሁ ስም ባለበት አድራሻ) የምትልኩ ከሆነ ወደ ሌላ የጂሜይል አካውንት ሙከራ ላኩ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ "ሾው ኦሪጅናል" በሉ። መልእክቱ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን መምጣቱን የሚፈትሹት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ሦስቱም "ፓስ" ማለት አለባቸው። አንዱ "ፌይል" ካለ ፒክስል ሳይሆን የዶሜይኑ ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ ቅንብር የሚቀመጥበት መዝገብ) ነው የሚስተካከለው።

በ"ርዕስ" ቦታ ባዶ "ፕሮፎርማ" አትጻፉ፤ ቁጥሩን፣ የድርጅታችሁን ስምና ዋጋው የሚጸናበትን ቀን አስገቡ። የመጀመሪያው መስመር "መድረሱን 'ደርሷል' ብለው ይመልሱልን" ይሁን። የንባብ ማረጋገጫ የሚባለው በነጻው ጂሜይል የለም፤ በሚከፈልበት ወርክስፔስ አለ፣ ተቀባዩ ግን እምቢ ማለት ይችላል። በሁለተኛው ቀን ዝም ካሉ ደውሉ፣ የተነጋገራችሁበትን ሰውና ሰዓት ፕሮፎርማው ኮፒ ላይ ጻፉ። የጨረታ ሰነድ ከሆነ ግን በእጅ ወስዳችሁ ኮፒው ላይ አስፈርሙ፣ ማህተምም ይረፍበት።