ምስጢሩ ከወጣበት ወዲህ ልጄ ተደባዳቢ ሆነ

የስምንት ዓመት ልጅ እናት
ልጄ እስካለፈው ወር ድረስ እጁን በሰው ላይ አንሥቶ አያውቅም። ሌሊት አልጋው ላይ እንደሚሸና ለአንድ ጓደኛው ብቻ ነግሮት ኖሮ፣ ልጁ በእረፍት ሰዓት በሁሉም ፊት አወጣበት። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ ትከሻውን የነካውን ሁሉ ዞሮ ይመታል። ትናንት አንዲት ልጅ ሳታይ ጠርሙሱን ገፍታ ውሃው ደብተሩ ላይ ፈሰሰ፤ ገፈተራትና ክርኗ ተላጠ። «ሳታውቅ እኮ ነው» ስለው «ሁሉም እያወቁ ነው የሚያደርጉት» አለኝ። ቴሌቪዥን ከለከልኩት፤ ባሰበት። ማታ ስለ ውሎው መናገርም ትቷል። ልጅ ሰውን ማመን ሲያቆም ተደባዳቢ ይሆናል?

መምህርት
እህቴ፣ «ሁሉም እያወቁ ነው» ያለው ነገር ዋናው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ ወንዶች ልጆች ሥራቸውን ሌላ ልጅ ሲያበላሽባቸው ምን እንደሚያደርጉ ተመልክቷል። ሆን ተብሎ ወይም ሳይታሰብ መሆኑ በግልጽ ሲታወቅ ሁሉም እንደ ነገሩ አኳኋን መለሱ። ተደባዳቢዎቹ ከሌሎቹ የተለዩት ነገሩ ባልለየበት ጊዜ ነው፤ እንደ ክፋት ቆጠሩት።

የትምህርት ቤት ውሎ ደግሞ ባልለየ ነገር የተሞላ ነው፤ መጋፋቱ፣ ሳቁ፣ ሹክሹክታው። የተከዳ ልጅ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣል። የተመታውም ይሸሸዋል ወይም ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ይታየዋል። እኔ በክፍሌ «ለምን መታሃት?» ማለቱን ትቼ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ይሉኛል። አንዱ በሦስተኛው ሳምንት «ምናልባት ወንበሩ አደናቅፎት ይሆናል» ሲለኝ እንባዬ መጣ።

የሦስት ልጆች አባት
ዱላ ሁሉ ግን ካለማመን አይመጣም። ሁለተኛው ልጄ ይመታ የነበረው ኳስ ለመንጠቅ ነበር፤ ሳይናደድ፣ ተረጋግቶ። ተመራማሪዎችም በቁጣ የሚመልሰውን ልጅ ጥቅም ፈልጎ ከሚመታው ይለዩታል። ለእኔ ልጅ ኳሱን በየጊዜው ማስመለስ በቂ ነበር። የእርስዎ ልጅ ግን የሚመታው ፈርቶ ይመስለኛል፤ ቅጣት ብቻውን የሚጠረጥራቸውን ሰዎች ቁጥር ይጨምርበታል። ይህን ስል ዱላውን ይለፉት ማለቴ አይደለም፤ ክርኗ የተላጠባትን ልጅ ይቅርታ ሊጠይቃት ይገባል። እርሱንስ ምስጢሩን ስላወጣበት ይቅርታ የጠየቀው ሰው አለ?

የስምንት ዓመት ልጅ እናት
ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአልጋውን ነገር እኔም ለአክስቱ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ እርሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳላስፈቅድህ ለማንም አልናገርም አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ «ለአያቴም?» አለኝ።

«ለአያትህም» አልኩት።