ዝም ያለ ኮምፒውተር ቅንጦት ነው? የመዋጮው ብር በምን ዲስክ ላይ ይዋል?

ጠያቂው፣ ደሴ ሆጤ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። በየቤታችን ያለውን የመንዙማ፣ የሠርግ ዘፈንና የአያቶቻችንን ወግ የያዘ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልንገለብጥ ተስማምተናል። 400 ያህል ካሴት ተሰብስቧል። መዋጮውም ሞልቷል። ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። እዚያው ሳሎን ሽማግሌዎችን ቁጭ አድርገን በማይክ እንቀዳለን።

ያልተስማማነው ዲስኩ ላይ ነው። ገሚሱ «ባለ ሞተሩ ሀርድ ዲስክ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል» ይላል። ገሚሱ ኤስኤስዲ፣ ሞተር የሌለውንና ድምፅ የማያሰማውን ዲስክ፣ ይላል። ትናንት ደግሞ አንድ ወንድማችን «ለጸጥታ ብላችሁ የሰው ብር አታባክኑ» አለ። ነገሩ ከነከነኝ። ሁሉም ያዋጣበት ስለሆነ ሁሉም እዚህ ይናገር።

የኔን አቋም ላስቀድም። ሁሉም ኤስኤስዲ ይሁን። ጸጥታው ቅንጦት አይደለም። አምና እናቴን ስለ ልጅነቷ ሁለት ሰዓት ቀዳኋት። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር ነበር። በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከድምፅዋ ሥር የማያቋርጥ ጉምጉምታ አለ። እሷ ለትንፋሽ ዝም ባለች ቁጥር እሱ ጎልቶ ይወጣል። ሌላ ቀን እደግመዋለሁ ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ድምፅዋ ደክሟል። ያ ቀረጻ እንደዚያው ሆኖ ሊቀር ነው። በሌላ ሰው እናትና አባት ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ወንድማችሁ፣ ኮምቦልቻ

ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። የእናትህ ነገር አሳዝኖኛል፣ እድሜ ይስጥልን። ግን ብሩ ከጡረተኛም ከተማሪም የመጣ ነው። እንቁጠረው።

ኢያሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት በሚባለው የቅጂ ጥራት ገልብጡ ይላል። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ያልፋል። ካሴቶቹ ባለ 60 ደቂቃ ናቸው ብንል 400ው ካሴት 415 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ወደ 96 ኪሎ ኸርዝ ብናሳድገው 830 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ቀረጻ አለ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) አለ። ይህን ሁሉ በኤስኤስዲ እናድርገው ብትሉ ብሩ ያልቃል። በዚያው ብር ብዙ እጥፍ የሚይዝ ሀርድ ዲስክ ይገዛል።

ሀርድ ዲስክ ቶሎ ይበላሻል የሚለውም ወሬ ተጋኗል። ባክብሌዝ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እጅግ ብዙ ዲስክ ቀን ከሌሊት ያሠራል፣ ውጤቱንም በይፋ ያወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. የተበላሸበት በዓመት 1.40 በመቶ ነው። ከመቶ ዲስክ አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። ኤስኤስዲ ደግሞ ሲሞት ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም። ማታ ደህና የነበረው ጠዋት አይነሳም። ጫጫታው ካስቸገረ ኮምፒውተሩን ጓዳ አስገብተን የማይኩን ገመድ እናስረዝም።

ጠጋኙ፣ ደሴ ፒያሳ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የምትናገሩት ግን ስለተለያየ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉምጉምታው። ባለ 7200 ዙር ዲስክ (በደቂቃ ማለት ነው) በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ባለ 5400ው 90 ጊዜ። ስለዚህ የሞተሩ ድምፅ 120 ወይም 90 ኸርዝ ላይ ያርፋል። የወንድ የንግግር ድምፅ መነሻው ከ85 እስከ 155 ኸርዝ አካባቢ ነው። የድቤው ወፍራም ምትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሶፍትዌር እናጠፋዋለን ካላችሁ ከሽማግሌው ድምፅ ላይ ቆርጣችሁ ነው የምታወጡት። የፋን ሹክሹክታ ከፍ ባለ ኸርዝ ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ ለማጽዳት ይሻላል። የዲስክ ጉምጉምታ ግን የሰው ድምፅ ላይ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በምንቀዳበት ማሽን ውስጥ የሚዞር ዲስክ አይኑር።

ገመድ ማስረዘም ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የደሴ ቤት ጓዳው ስንት ነው? በሩስ ይዘጋል?

መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጠው ኮፒ ግን ሀርድ ዲስክ ይሻላል። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙላት ነው። ተነቅሎ ሲቀመጥ ሙላቱ ቀስ እያለ ይፈሳል። ጄዴክ የሚባለው የደረጃ አውጪ አካል ለቤት ኤስኤስዲ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት፣ የመጻፍ አቅሙን የጨረሰ ዲስክ በ30 ዲግሪ ሙቀት ተነቅሎ 1 ዓመት ይያዝ የሚል ነው። አዲሱ ከዚያ በላይ ይቆያል። ቢሆንም አምስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ረስቼው አገኘዋለሁ አትበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልቤን ስለሚያበግነው። ዲስክ ስትገዙ ላስቲኩን አትመኑ። አንድ ደንበኛዬ «አዲስ ነው» ተብሎ ከአንድ ሱቅ የገዛውን አመጣልኝ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አየሁት። 31 ሺህ ሰዓት ሠርቷል። ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው! የልጁ ሠርግ ቪዲዮ ሊገባበት ነበር። ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ ዲስኩን ገና ሱቁ ሳለን እንየው፣ ቤት ገብቶ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተን እናንብበው። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮች ላይ ያደረገውን ጥናት አውጥቶ ነበር። በፍተሻ የመጀመሪያ ስህተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመበላሸት እድሉ ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። አንድ ስህተት ካያችሁ ገልብጡና አውጡት።

ወንድማችሁ፣ ኮምቦልቻ

ጥናቱን ካነሳኸው ሌላውንም ገጽ አንብብልን ጠጋኙ። ሙቀት እንደሚወራው ገዳይ ሆኖ አላገኙትም። ጎልቶ የታየው በጣም ሲግልና ዲስኩ ሲያረጅ ነው። ታዲያ ለምንድነው ለውድ ማቀዝቀዣ ብር የምናወጣው? በውሃ የሚቀዘቅዝ ሁሉ ሲጠራ ሰምቻለሁ።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ

ወንድም ጋሼ፣ በውሃው ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። አያስፈልግም። ፓምፑ ራሱ ይጮኻል። ካሴት ለመገልበጥ የሚሠራ ፕሮሰሰር ብዙ አይግልም።

ፋኑ ላይ ግን አንድ የኛ አገር ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት። እኛ 1850 አካባቢ ነን። ደሴ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የደሴ ብርድ ይክሰዋል። ኮምፒውተሩ ኮምቦልቻ ቢሆን አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ቤቱ ይሞቃል፣ አቧራውም ይብሳል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ትልቅ ፋን፣ ቀስ ብሎ የሚዞር። ባለ 140 ሚሊ ሜትር ፋን በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ሲሄድ ከሁለት ክንድ ርቀት በጭንቅ ነው የሚሰማው። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ትንሹ ፋን ያንኑ አየር ለመግፋት መሮጥ አለበት፣ ሲሮጥ ይጮኻል። አንድ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ ይበቃል። ከፊተኛው ላይ የአቧራ ወንፊት ይደረግ፣ በየወሩ ይታጠብ። አቧራ የጠገበ ማሽን ይግላል፣ ሲግል ፋኑ ይፈጥናል፣ ጸጥታውም ያኔ ያበቃል።

ኤስኤስዲውም ባለ ሳታ፣ ማለትም በገመድ የሚያያዘው የቆየው ዓይነት፣ ይሁን። ያኛው ቀጭኑ ኤንቪኤምኢ ፈጣን ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን በጣም ይግላል። ድምፅ ለመቅዳት ያ ፍጥነት ምንም አይጠቅመንም።

ከፍታውን ሳልረሳ። አብዛኛው ተራ ሀርድ ዲስክ እስከ 3048 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ነው አምራቾቹ የሚጽፉለት። በውስጡ አንባቢው ራስ የሚዞረውን ሳህን ሳይነካ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ደሴ ችግር የለባትም። አንዱን ኮፒ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ላለ ደጋ ዘመድ እንስጥ ካላችሁ ግን ያስቀምጠው እንጂ እዚያ ሰክቶ አያሠራው።

መምህርት፣ ወልድያ

ስለ ድምፅ ብዙ አልናገርም፤ በጠጋኙ ተስማምቻለሁ። እኔን ያሳሰበኝ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። «አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይሁን» ሲባል ሰማሁ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱም ጋ የደረሰው በተከታታይ ቀናት ነው። ወልድያ ደግሞ ቀድማ ነበር። እኔ ከቤቴ ስወጣ በእጄ የያዝኩት የልጆቹን ልብስና ውሃ ነው። ዴስክቶፑ ቀረ። የአባቴ ፎቶ በሙሉ እሱ ላይ ነበር። ስመለስ ጠረጴዛውም አልነበረም።

ስለዚህ ሦስተኛ ኮፒ ከወሎ ውጭ ይሁን። አዲስ አበባ ያለ የሚታመን ዘመድ ጋ። ይህ ካልተጨመረ እኔ ካሴቶቼን አልሰጥም። ይቅርታ፣ ግን አልሰጥም።

አባት፣ ሐይቅ

ልጆቼ፣ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። የምትሉት ዙርና ዲግሪ አይገባኝም። አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል አለ። ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል ይላሉ። እኔ እስላም ነኝ፣ ግን የኛ ነው፣ እኮራበታለሁ። ይቺ የምትገዟት ዕቃ ስንት ዓመት ታቆያለች?

ጠጋኙ፣ ደሴ ፒያሳ

አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ለብዙው ጥሩ ኤስኤስዲ አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ነው። ለሀርድ ዲስክ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 5 ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራ አይቻለሁ። ግን አልምልልዎትም። በየአራት በየአምስት ዓመቱ አዲስ ዲስክ ተገዝቶ መገልበጥ አለበት። የተቀመጠውም ቢያንስ በየስድስት ወሩ ተሰክቶ መዞር፣ ፋይሉም መነበብ አለበት።

አባት፣ ሐይቅ

እንግዲያው ብሩን በሙሉ ዛሬ አትጨርሱት። ለሚመጣው ዲስክ አስቀምጡ። ብራናውም እስካሁን የደረሰው ጠባቂ ስላለው ነው።

ጠያቂው፣ ደሴ ሆጤ

አባባ፣ አመሰግናለሁ። ይህን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር። መምህርት፣ ያንቺም ልክ ነው። አዲስ አበባ የእህቴ ቤት አለ፣ ዛሬ እጠይቃታለሁ።

እኔም ከአቋሜ ላይ ላርም። ሁሉም ኤስኤስዲ ይሁን ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አሁን የማቀርበው እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ አንድ ባለ 1 ቴራባይት (1000 ጊጋባይት) ሳታ ኤስኤስዲ። ለመጻፍ ብዛቱም አንሰጋም፤ እንደ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ያለው ባለ 1 ቴራባይት እስከ 600 ቴራባይት ድረስ ለመጻፍ ዋስትና አለው። የኛ ሥራ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ለኮፒው ሦስት የውጭ ሀርድ ዲስክ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ። ሲገለበጥ ብቻ ይሰካሉ፣ ያን ቀን ማይክ አይከፈትም። አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባትሪ፣ ደግሞ የግድ ነው። መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው የሚመታን። የቀረው ብር አባባ እንዳሉት ይቀመጥ።

ወንድማችሁ፣ ኮምቦልቻ

ሦስቱ ሀርድ ዲስክ፣ ዩፒኤሱ፣ የሚቀመጠው ብር፣ ተስማምቻለሁ። ኤስኤስዲው ላይ ግን ገና ነኝ። በወረቀት 120 ኸርዝ ማለት አንድ ነገር ነው፣ በጆሮ መስማት ሌላ። ያ የኔ አሮጌ ባለ 7200 ዙር ዲስክ ለስላሳ ጎማ ላይ ቢቀመጥስ? በቡሎን ከኬዙ ብረት ጋር ሲታሰር እኮ ነው ኬዙ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቆርጠን ብናለብሰው በነፃ ይፈታል።

ጠጋኙ፣ ደሴ ፒያሳ

ጎማው እውነት ነው፣ ይቀንሰዋል። ሱቄ ላይ ሠርቼዋለሁ። ግን አያጠፋውም። ጎማው ደግሞ ዲስኩን ዙሪያውን ከሸፈነው ሙቀት ያፍናል። አራቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው።

ጠያቂው፣ ደሴ ሆጤ

እንግዲያው እንስማው። ወንድሜ፣ አሮጌውን ዲስክህን በሚኒባስ ላክልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጠጋኙ ሳሎኔ ይመጣል። በአንድ ማይክ፣ በአንድ ርቀት፣ ሰው ሳይናገር ሦስት ቀረጻ እንወስዳለን። አንዱ ዲስኩ በቡሎን ታስሮ፣ አንዱ በጎማ፣ አንዱ በኤስኤስዲ ብቻ። ሦስቱንም የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልጽፍ እዚህ አኖራለሁ። ኤስኤስዲውን ለዚያ ቀን ጠጋኙ ያውሰናል።

ወንድማችሁ፣ ኮምቦልቻ

ዲስኩን ነገ እልካለሁ። በጥጥ ጠቅልዬ፣ ለሾፌሩም እንዳይጥለው ነግሬ። በጎማው እና በኤስኤስዲው መካከል ልዩነት ከሰማሁ ብሩን ፈቅጃለሁ። ባዶ ክፍል ብቻ ግን አትቅዱ። እናትህ ከቻሉ አንድ ደቂቃ ይናገሩበት።