እህቴ ታምፓ ናት፤ መኪና የላትም፤ ሀሪኬን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እየቀረበ ነው

የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። ታናሽ እህቴ ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ፣ ከባሕሩ ዳር ትኖራለች። የሚመጣው ሀሪኬን ደረጃ 4 ነው፤ ነፋሱ በሰዓት ከ209 ኪሎ ሜትር አያንስም። እሷ ግን «ቤቱ ጠንካራ ነው» ብላ ድርቅ ብላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው ሀሪኬን ብዙ ሰው የጨረሰው በውሃው ነበር።

እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀድመው እንዲወጡ በሚታዘዙት በምድብ «ኤ» ውስጥ መሆኗን በአድራሻዋ ከዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ? ወደ መጠለያ የሚወስድ አውቶቡስስ ከየት ይገኛል? እናታችን ስልኩን ከነቻርጀሩ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ መብራት ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እነሱ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ እዚያ ገና ቀን ነው፣ ለመውጣት ጊዜ አላት።