ኢኢጂ ማንበብን በኦንላይን ማስተማር፦ ፈተናውን አልፈው ሙሉ ቅጂ ሲሰጣቸው የሚሳሳቱትን ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ12 ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩ ሐኪሞች) የ8 ሳምንት የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ቅጂ) ንባብ ኮርስ በኦንላይን እያዘጋጀሁ ነው። በእጄ ያለው የቪዲዮ ሌክቸርና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ሁሉም በጥሩ ውጤት ያልፋሉ። የ20 ደቂቃ ሙሉ ቅጂ ሲሰጣቸው ግን ሾል ያለ ሞገድ ባዩ ቁጥር «ስፓይክ» (የሚጥል በሽታ ሹል ሞገድ) ይላሉ። ድብታውም፣ ዊኬቱም (ስፓይክ የሚመስል ጤነኛ ሞገድ)፣ የላላ ኤሌክትሮዱም (ራስ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ) የሚጥል በሽታ ምልክት ይሆንባቸዋል። ከግማሽ በላይ የሚከታተሉት በስልክ ነው፤ ኢንተርኔቱም ደካማ ነው። ከምን ልጀምር? ቅጂውን በምን መልክ ልላክላቸው? ማንበብ መቻላቸውንስ በምን ልለካ?

መልስ፦ የኒውሮሎጂ መምህር

ጥፋቱ የሌክቸሩ አይመስለኝም። ስላይድ ላይ የሚወጣ ሞገድ አስቀድሞ የተመረጠ፣ ቀስት የተደረገበት ነው። ተማሪው «ይህ ምን ይባላል?» ለሚለው መልስ መስጠት ይለምዳል። ሙሉ ቅጂ የሚጠይቀው ግን «እዚህ ውስጥ የሚያሳስብ ነገር አለ ወይ?» የሚለውን ነው። በ10 ሰከንድ ገጽ ሲታይ የ20 ደቂቃ ቅጂ 120 ገጽ ይሆናል፤ አብዛኛው ገጽ ምንም የለበትም። ያንን ገጽ አይቶ ሳይጠራጠሩ ማለፍ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ የሚመጣውም በልምምድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጤነኛ ቅጂ ብቻ ያስነብቧቸው። ሲነቁ፣ ሲደበቱ፣ ሲተኙ። ከኋላ በኩል የሚታየውን ሪትም (አልፋ) ዓይን ሲጨፈን ሲመጣ፣ ሲገለጥ ሲጠፋ ይከታተሉት፤ ፍጥነቱንም ራሳቸው ይቁጠሩት። አንድ ሰከንድ ወስደው ጫፎቹን መቁጠር፣ በሦስት የተለያየ ቦታ መድገም ነው። ዓይን እንደተጨፈነ ወዲያው ያለውን ሰከንድ አይውሰዱ፤ አልፋው እዚያ ላይ ለአፍታ ይፈጥናልና ቁጥሩን ከፍ ያደርግባቸዋል። በአዋቂ ሰው ከ8.5 ኸርዝ (በሰከንድ 8.5 ሞገድ) በታች ከሆነ ዝግ ብሏል ማለት ነው። ግን ሰውየው በትክክል ነቅቶ እንደነበር ሳያረጋግጡ ይህን እንዳይጽፉ ያሳስቧቸው። ሕፃን ከሆነ ዕድሜውን ሳያዩ ቅጂውን አይክፈቱ፤ ሪትሙ 8 ኸርዝ የሚደርሰው በ3 ዓመት ገደማ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ድብታ ነው፤ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ስለሆነ። ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ይፈልጓቸው፦ ኤፍ7 እና ኤፍ8 (ከግንባር ግራና ቀኝ ያሉ ኤሌክትሮዶች) ላይ ዘገምተኛ የዓይን መንከራተት ይመጣል፣ አልፋው ይሳሳል፣ ከእሱ የዘገየው ቴታ ይተካዋል፣ ቀጥሎ ሲዜድ (አናት ላይ ያለው ኤሌክትሮድ) አካባቢ የቨርቴክስ ሞገድ (ጤነኛ የእንቅልፍ ሹል ሞገድ) ብቅ ይላል። «እንቅልፍ እዚህ ጀመረ» ብለው ገጹን ምልክት ያድርጉበት። ይህን የሚችል ተማሪ የቨርቴክስ ሞገድን ስፓይክ አይለውም፤ ቀድሞ ይጠብቀዋልና።

አራተኛው ሳምንት በሽታ መሳይ ለሆኑ ጤነኛ ሞገዶች ይሁን። ዊኬት ቴምፖራል (ከጆሮ በላይ ባለው ክፍል) ላይ ከ6 እስከ 11 ኸርዝ የሚመጣ፣ ቅስት ቅርጽ ያለው ነው፤ ዘገምተኛ ሞገድ አይከተለውም። ተከታትሎ ሲመጣ ማንም አይስተውም፤ ችግሩ ብቻውን ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ እዚያው ቅጂ ውስጥ በሌላ ገጽ ያው ቅርጽ ተደርድሮ ይገኝ እንደሆነ መፈለግ ነው። በድብታ ጊዜ የሚመጣው የመካከለኛ ቴምፖራል ቴታ ደግሞ ሲጀምርም ሲያልቅም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጥል በሽታ ጥቃት ቢሆን ግን በፍጥነቱ፣ በቁመቱና በቦታው እየተለወጠ ይሄድ ነበር።

መስፈርቱን የሚሰጧቸው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኒውሮፊዚዮሎጂ ፌዴሬሽን በ2017 ያወጣው የቃላት ፍቺ ስድስት ነጥብ ያስቀምጣል፤ ቢያንስ አራቱ መሟላት አለባቸው። ሞገዱ ጫፉ የሾለና ሁለት ወይም ሦስት ክንድ (ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፍ) ያለው ይሁን። የሚቆይበት ጊዜ ከአካባቢው ሞገድ ይለይ። ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይሁኑ፤ ፈጥኖ ወጥቶ ዝግ ብሎ ይውረድ ወይም በተገላቢጦሽ። ዘገምተኛ ሞገድ ይከተለው። የነበረውን ባክግራውንድ (ዙሪያውን ያለውን የተለመደ ሞገድ) ያቋርጥ። ስርጭቱም ከአንጎል የመነጨ መሆኑን ያሳይ። ተማሪው «ስፓይክ» ባለ ቁጥር የተሟሉትን ነጥቦች በቁጥር እንዲጽፍ ያስገድዱት። «ሾል ስላለ» የሚል ምክንያት ከስድስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያሟላው።

መልስ፦ የኢኢጂ ቴክኒሺያን

ስድስተኛው ነጥብ፣ ስርጭቱ፣ ፖላሪቲ (ኔጌቲቭ ወይስ ፖዘቲቭ መሆኑ) ሳይገባ አይገባም። ብዙ ኮርስ ደግሞ ይህን በአንድ ስላይድ ይዘለዋል። ስክሪን ሳይከፈት በወረቀትና በእርሳስ ይሠራ። ሕጉ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ቻናል (ስክሪን ላይ ያለ አንድ መስመር) ከመጀመሪያው ኤሌክትሮድ ሁለተኛውን ይቀንሳል፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ መስመሩ ወደ ላይ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ታች ይሄዳል።

በግራ በኩል ከግንባር ወደ ኋላ ለተደረደሩት ኤሌክትሮዶች እነዚህን ቁጥሮች በማይክሮቮልት ይስጧቸው፦ ኤፍፒ1 ላይ -20፣ ኤፍ7 ላይ -60፣ ቲ3 ላይ -100፣ ቲ5 ላይ -40፣ ኦ1 ላይ -10።

ኤፍፒ1-ኤፍ7 +40 ይሆናል፤ ወደ ታች።
ኤፍ7-ቲ3 +40፤ ወደ ታች።
ቲ3-ቲ5 -60፤ ወደ ላይ።
ቲ5-ኦ1 -30፤ ወደ ላይ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ የጋራ ኤሌክትሮዳቸው ቲ3 ነው። ፌዝ ሪቨርሳል የሚባለው ይኸው ነው። አሁን እነዚያኑ ቁጥሮች በጆሮው ኤሌክትሮድ፣ በኤ1 ያስሏቸው፤ ኤ1 ለቲ3 ቅርብ ስለሆነ እሱም -50 ደርሶታል እንበል። ቲ3-ኤ1 -50 ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኦ1-ኤ1 ግን +40 ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ኦ1 ላይ ፖዘቲቭ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ሪፈረንሱ (ማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ) ስለተበከለ ነው። ይህን በገዛ እጁ ያሰላ ሰው ሞንታጅ (የኤሌክትሮዶችን አጣማመር) መቀያየር ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

ፌዝ ሪቨርሳል ቦታ እንጂ በሽታ አያመለክትም። የቨርቴክስ ሞገድም ሲዜድ ላይ ሪቨርስ ያደርጋል።

አርቲፋክትን (ከአንጎል ያልመነጨ ምልክትን) በተመለከተ አንድ ልማድ ያስይዟቸው፦ ጎረቤቱን መጠየቅ። ከአንጎል የመነጨ ሞገድ ወደ አጎራባች ኤሌክትሮዶች እየቀነሰ ይሰራጫል። የላላ ኤሌክትሮድ ግን ድንገት ቀጥ ብሎ ወጥቶ ዝግ ብሎ ይመለሳል፤ ያንን ኤሌክትሮድ በሚጋሩት ሁለት ቻናሎች ላይ ብቻ እንደ መስታወት ተገላብጦ ይታያል፤ ጎረቤቶቹ ምንም አያውቁም። የዓይን እርግብግቢት ሌላው ነው። የዓይን ፊት ፖዘቲቭ ነው፤ ዓይን ሲከደን ብሌኑ ወደ ላይ ስለሚዞር ኤፍፒ1 እና ኤፍፒ2 ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ግንባር ላይ ያሉት ቻናሎች ወደ ታች ይወርዳሉ።

የሚልኩት ቅጂ የኢሲጂ (የልብ ምት) ቻናልና የቴክኒሺያኑ ማስታወሻ ያለበት ይሁን። «ዓይን ጨፈነ»፣ «ተናገረ»፣ «ኤሌክትሮዱ ተስተካከለ» የሚለው ከጠፋ ተማሪው የሚጠየቀው ማንም አንባቢ የማይጠየቀውን ነው።

መልስ፦ የዲጂታል ትምህርት ባለሙያ

ደካማ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አይላኩ፤ ጥሬውን ፋይል ይላኩ። ስሌቱ ቀላል ነው። በኢዲኤፍ (ለኢኢጂ በተለመደው የፋይል ዓይነት) ፎርማት አንድ ሳምፕል (አንድ የልኬት ነጥብ) 2 ባይት ነው። 21 ቻናል በሰከንድ 256 ሳምፕል ለ20 ደቂቃ ሲባዛ ወደ 13 ሜጋባይት ይመጣል፤ ዚፕ ሲደረግ ደግሞ ያንሳል። በቀጥታ ስብሰባ ላይ ስክሪን ማጋራት ለውይይት ይሆናል፤ ለንባብ ግን አይሆንም፤ የቪዲዮ መጭመቂያው ቀጫጭን መስመሮችን ያደበዝዛቸዋል።

ከመላክዎ በፊት ስም ያጥፉ። የኢዲኤፍ ፋይል መጀመሪያ ላይ 80 ባይት የታካሚ መለያ፣ ቀጥሎ ሌላ 80 ባይት የምዝገባው መረጃ፣ ከዚያ ቀንና ሰዓት አለ። ሦስቱንም ይቀይሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የፋይሉን ስምና በቅጂው ውስጥ በማስታወሻነት የተጻፈውን ነው፤ ቴክኒሺያኑ የታካሚውን ስም ጽፎ ሊሆን ይችላል።

ማንበቢያ ኢዲኤፍብራውዘር ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ ፋይሉ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሞንታጆቹን እርስዎ አዘጋጅተው እንደ ፋይል ይላኩላቸው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መነሻ ይጀምሩ፦ ቁመቱ 7 ማይክሮቮልት በሚሊሜትር፣ ፊልተሩ ከ1 እስከ 70 ኸርዝ። ከዚያ የጡንቻ ምልክት የበዛበትን አንድ ገጽ የላይኛውን ፊልተር ከ70 ወደ 15 አውርደው እንዲያዩት ያድርጉ። ጡንቻው ተጠርቦ ቤታ (ፈጣን የአንጎል ሞገድ) ይመስላል፤ አንዳንዱም ስፓይክ ይመስላል። ፊልተር ሞገድ ሊፈጥር እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ስልክን በተመለከተ፣ ሬዚደንቶቹ ሁሉን ነገር ስፓይክ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 30 ሚሊሜትር ነው፤ 10 ሰከንድ 300 ሚሊሜትር ስፋት ይፈልጋል። አግድም የተያዘ ስልክ ግማሹን ያህል ቢኖረው ነው። ያው ሞገድ በግማሽ ስፋት ሲጨመቅ ቁመቱ ካልተለወጠ ይሾላል። ስፓይክ ከ20 እስከ 70 ሚሊሴኮንድ፣ ሻርፕ ዌቭ ከ70 እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ይህ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያው መስመር ይለካ። በስልክ ማየት ግድ ከሆነ አንድ ገጽ 5 ሰከንድ ይሁን።

ለልምምድ በነፃ የሚገኝ ቅጂ ከፈለጉ ፊዚዮኔት (የሕክምና ዳታ ድረ ገጽ) ላይ ያለው ሲኤችቢ-ኤምአይቲ የሕፃናት ጥቃቶች ስብስብ አለ። አብዛኛው በባይፖላር (ጎረቤት ኤሌክትሮዶችን በማጣመር) የተቀመጠ ስለሆነ ወደ ሪፈረንሻል (ሁሉም ከአንድ ማነጻጸሪያ ጋር ወደሚጣመሩበት) መመለስ አይቻልም፤ ለሞንታጅ ልምምድ አይመርጡት። የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስብስብ ለዚያ ይሻላል፤ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚወርደው።

መልስ፦ ሌላ አባል

መምህሩ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሦስት ሳምንት ያለ አንድም ስፓይክ ግን ይበዛል። የሚፈልጉትን ሳያውቁ የሚፈልጉ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት የማያጠራጥሩ ስፓይኮች፣ ስርጭታቸው ጭምር፣ ይታዩና ይዘጉ።

ጥያቄ (ተጨማሪ)

ያንን እጨምራለሁ። ምዘናው ላይ ግን ሁለት አስተማሪዎች ራሳችን በአንድ ሞገድ ካልተስማማንስ? ኮምፒውተር ጭራሽ የሌላቸው ሦስት አሉ፤ እነሱንም ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኒውሮሎጂ መምህር

የሦስት ስፓይኩን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ ይሻላል።

ለምዘና ሦስት አንባቢዎች ለየብቻ አንብበው የተስማሙባቸውን ቅጂዎች ብቻ ይውሰዱ። ያልተስማሙባቸውን ለውይይት ያስቀምጡ፤ ለማስተማር ከሁሉ የሚጠቅሙት እነዚያ ናቸው፣ ለማርክ ግን ፍትሐዊ አይደሉም። 20 ቅጂ ቢያዘጋጁ 12ቱ ጤነኛ ይሁኑ፤ ከ12ቱ ግማሹ ዊኬት፣ የድብታ ቴታና አርቲፋክት ያለበት ይሁን። 8ቱ በሽታ ያለባቸው።

ማርኩን በአንድ ድምር አይስጡ። ያመለጠው ስንት፣ ሳይኖር ያየው ስንት ብለው ለየብቻ ይመዝግቡ። ሁሉንም «በሽታ አለበት» ያለ ተማሪ 8ቱንም ያገኛቸዋል፤ አንድም አያመልጠውም። በሥራ ላይ ግን ያ አነባበብ ጤነኛ ሰውን ለዓመታት መድኃኒት ያስውጣል፤ መንጃ ፈቃድና ሥራም ያስከለክላል። በተቃራኒው ጤነኛ ቅጂ የሚጥል በሽታ የለም ማለት እንዳልሆነ በሪፖርቱ ላይ መጻፍ ይልመዱ። ያዩትን መግለጽና የደረሱበትን መደምደሚያ መጻፍ በሁለት የተለያየ አንቀጽ ይሁን። «ቴምፖራል ስፓይክ ታየ» ብሎ የሚጀምር ሰው የቀረውን ገጽ የሚያየው ያንን ለማስደገፍ ነው።

በቀጥታ ስብሰባው ላይ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም መልሱን ይላክ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሌላውን ሁሉ ይጎትታል። ትክክለኛው መልስ መሰጠት ያለበት ደግሞ ተማሪው መልሱን ካስገባ በኋላ ወዲያው ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲሰጥ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ረስቶታል።

መልስ፦ የዲጂታል ትምህርት ባለሙያ

ምልክት ያደረጉባቸውን ቦታዎች ኢዲኤፍብራውዘር ለብቻው በጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ ጥቂት ኪሎባይት ነው። 12ቱም ያንን ብቻ ይላኩልዎት፤ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ማን የቱ ሰከንድ ላይ እንደተሳሳተ ወዲያው ያያሉ።

ለሦስቱ የ20 ደቂቃውን ቅጂ በ5 ሰከንድ 240 ምስል አድርገው ይላኩ፤ በባይፖላርና በሪፈረንሻል ሁለት ፎልደር። ምስሉ ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፒጂ የመስመሮቹን ጠርዝ ያበላሻል። እያንዳንዱ ምስል ላይ የ1 ሰከንድና የ100 ማይክሮቮልት መለኪያ ይኑር፤ በጣት ሲያሰፉት አብሮ እንዲሰፋ ምስሉ ላይ የተሣለ ይሁን። ፊልተር መቀየር አይችሉም፤ ስለዚህ የፊልተሩን ልምምድና የመጨረሻውን ምዘና ኮምፒውተር ተውሰውም ቢሆን እዚያ ላይ ይሥሩት።